ስሜን ላይ ከጫፍ ጫፍ ለምትሄዱ፦ ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ

የስሜንን ተራሮች አንዱን ከአንዱ አያይዛችሁ በእግር ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ እቅዳችሁን በርቀት አታውጡ። በዳገትና በቁልቁለት አውጡት።

ከጨነቅ ካምፕ ተነስታችሁ የቧሂት ተራራ ጫፍ ስትደርሱ ከ4,400 ሜትር በላይ ናችሁ። ራስ ደጀን ፊት ለፊት ይታያል፤ ቅርብ ይመስላል። ግን መሃል ላይ የመሸሃ ወንዝ አለ። ወደ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የወረዳችሁትን ደግሞ መልሳችሁ ትወጡታላችሁ! ቁልቁለቱ ጉልበት ይጨርሳል፤ ሁለቱን ጫፎች በአንድ ቀን አትደርቡ። ከወንዙ ማዶ ያለችው አምቢቆ መንደር እደሩ። በማግስቱ ራስ ደጀንን ሳይነጋ ጀምሩት፤ ደርሶ መልሱ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ከግጭ ካምፕ በእሜት ጎጎና በእናትዬ ጫፎች አድርጎ ጨነቅ የሚያደርሰው የገደል አፋፍ መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ውሃና ጉም ነው። አፋፉ ላይ ውሃ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ከካምፕ ቀድታችሁ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይመጣና መንገዱን ይሸፍነዋል። እናትዬን ከምሳ በፊት እለፉ።

ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የታጠቀ ጠባቂ) ስትይዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አብራችሁት ቁጭ በሉ። ሰው ቢታመም ወይም ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታት ቢብስ ከየትኛው ቦታ በቶሎ ወደ መኪና መንገዱ መውረድ እንደሚቻል ጠይቁት። የነገራችሁንም ካርታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት።