የልጃችሁ ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ ብሏል ከተባላችሁ

ልጄ 11 ዓመቷ ነበር። ለሌላ ነገር የደም ምርመራ ስታደርግ ነው የተገኘው። ውጤቱ ላይ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ለማየት የሚለካ ሆርሞን ነው) 7.2 ይላል፤ አጠገቡ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት አለች። ያቺ ቀስት እንቅልፍ ነሳችኝ። ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ፤ እስኪነጋ ድረስ ልጄ ላይ ያልለጠፍኩት በሽታ አልነበረም።

ሙያዬ አናጢነት ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ አራት ዓመት ሆኖኛል። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲህ ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዬ የተመኘሁትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ከቲኤስኤች ጎን ሌላውን ቁጥር ፈልጉ። ፍሪ ቲ4 ይባላል። ታይሮይድ አንገት ፊት ለፊት ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት፤ ቲ4 የሚባለውን ሆርሞን ትሠራለች። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ደግሞ አለቃዋ ናት። ቲኤስኤች የአለቃዋ ትእዛዝ ነው። ሥራው ሲዘገይ አለቃ ይጮኻል። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ልክ ከሆነ፣ አለቃው እየጮኸ ነው፣ ሥራው ግን እየተሠራ ነው። ቀላል የሚባለው ይሄ ነው። ፍሪ ቲ4 ራሱ ዝቅ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መድኃኒት ይፈልጋል። ልጁ ሕፃን ከሆነም፣ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ፣ እኔ የምለውን "ቆይ እንይ" ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። በዚያ ዕድሜ አንጎል የሚያድገው በዚህ ሆርሞን ነው።

ቀጥሎ ምርመራውን ድገሙት። እኛ እንጨት ቆራጮች አሥር ጊዜ ለክተን ነው አንዴ የምንቆርጠው። በአንድ ወረቀት ብቻ ዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጀመርም። ሐኪማችን ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ አለን፤ እኔ በልቤ ቸልተኛ ነው ብዬው ነበር። ለካ ልክ ነበር። በልጆች ላይ እንዲህ ያለ ትንሽ ከፍታ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የወንድሜ ልጅ 6.0 ተብሎ፣ ሲደገም 3.1 ሆነ። መጀመሪያ ሲመረመር ከከባድ ትኩሳት ገና እያገገመ ነበር፤ በማገገም ላይ ያለ ሰው ቲኤስኤች ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል።

ስትደግሙ በዚያው ላቦራቶሪ፣ በተቀራራቢ ሰዓት ይሁን። ቲኤስኤች ሌሊትና ማለዳ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ያለበት ቪታሚን የሚወስድ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ውጤቱን ያሳስታል፣ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ማቆም ያስፈልጋል። የሚጥል ሕመም መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮኤትም ሆነ ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ቲኤስኤችን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህን ግን ለሐኪሙ ተናገሩ እንጂ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

የኔዋ ሲደገም 6.4 ሆነ። ያኔ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ታዘዘላት፣ ተገኘባትም። ሃሺሞቶ ይሉታል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት ችግር ነው። በሴቶች ልጆች ይበዛል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም፣ ሲሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም)፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ተርነር ሲንድረም ያለበት ልጅ ላይም ይበዛል፤ እነዚህ ልጆች ቢደላቸውም በየጊዜው መመርመር አለባቸው። ሃሺሞቶ ተገኘ ማለት ነገውኑ መድኃኒት ማለት አይደለም። ቲኤስኤች ወደፊት ከፍ የማለት ዕድሉ ስለሚበልጥ በቅርብ መከታተል ነው። እኛ በየስድስት ወሩ እንድንመለስ ተነገረን።

በመሃሉ ምን ላድርግ ስል ሐኪሙ "ቁመቷን ለካ" አለኝ። ይሄን እንኳ ለኔ ተዉልኝ! የታይሮይድ ድክመት በልጅ ላይ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ሁሉ ትልቁ የቁመት መዘግየት ነው። አለካኩ እንዲህ ነው። ጫማ ይወልቅ፣ የተጠቀለለ ፀጉር ይፈታ፣ ተረከዝና ጀርባ ከግድግዳ ይጠጋ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ይይ። ስኳድራ (የአናጢ ማዕዘን መለኪያ) ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ ደንበኛ ጠርዝ ባለው መጽሐፍ አናቱን ነክታችሁ በእርሳስ አስምሩ። ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፤ ሰው ጠዋት ካለው ቁመት ማታ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። በየሦስት ወሩ ይበቃል። በየሳምንቱ የሚለካ ሰው ልጁንም ራሱንም ያሳብዳል፣ ከራሴ አይቼዋለሁ። ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከ4 በታች ከወረደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ንገሩ። አንገት ፊት ለፊት እብጠት ካያችሁ፣ ብርድ ብርድ ካለው፣ የሆድ ድርቀት ከጸናበት፣ የወር አበባ ከበዛባት ወይም ጉርምስናው ከዘገየም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሁሉን ነገር በታይሮይድ አታሳብቡ። ልጄ ጠዋት አልነሳ ስትል "ያው ታይሮይዱ ነው" እያልኩ እከላከልላት ነበር። ሐኪሙ ስንት ሰዓት ትተኚያለሽ ብሎ ሲጠይቃት ጉዱ ወጣ፤ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክ ላይ ናት። ውፍረትም እንደዚሁ። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ነው ቲኤስኤችን ትንሽ ከፍ የሚያደርገው፣ ክብደት ሲቀንስ እሱም ይወርዳል። መድኃኒቱ የማክሳት ኪኒን አይደለም። አዮዲን ያለበት ጨው በልኩ ይበቃል፤ የባሕር አረም ኪኒን ግን አትስጡ፣ አዮዲን ሲበዛም ታይሮይድን ያደክማል።

መድኃኒት መቼ ይጀመራል? ቲኤስኤች ከ10 በላይ ሆኖ ሲጸና ብዙ ሐኪሞች ይጀምራሉ። ከ10 በታች ከሆነ እንቅርት፣ የዕድገት መዘግየት ወይም እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር መኖሩን አይተው ይወስናሉ። የኔዋ 12 ዓመት ተኩል ሲሆናት 11.6 ደረሰች። ቲ4ን የሚተካው ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ተጀመረላት።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔው ነው። ደም ማነስ ስለነበረባት የብረት ኪኒንም ትወስድ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዳይረሳ ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ከቁርስ ጋር እሰጣት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ 10.9። መጠኑ ሊጨመር ሲል ሐኪሙ "እንዴት ነው የምትሰጣት?" አለ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ብረትና ካልሲየም ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራራቁ። የታይሮይዱ ኪኒን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ወተትም ቡናም አይሆንም። ብረቱን ወደ ማታ አዞርነው። መጠኑ ሳይነካ በሚቀጥለው ምርመራ 2.8 ሆነ።

መጠን በተለወጠ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ደም ይታያል፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩ አይረጋም። ልጅ ሲያድግ መጠኑም ስለሚለወጥ ክትትሉ አይቋረጥም። ልብ ምቷ ከፈጠነ፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ ካጣች መጠኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ደውሉ።

አሁን 15 ዓመቷ ነው። በየቀኑ "ዋጥሽ?" ማለት ሲያጣላን፣ የሰባት ቀን ክፍል ያለው የኪኒን ሣጥን ገዛሁላት። እሷ ትሞላለች፣ እኔ እሑድ እሑድ ብቻ አያለሁ። ባለፈው እሑድ የሐሙሱ ቁጭ ብሏል።

"ሐሙስስ?" አልኳት።

"አባዬ፣ ትዝ ሲለኝ ዓርብ ሆኖ ነበር።"

አልተቆጣሁም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ብዙ ቀን ስለሚቆይ አንድ ቀን ቢዘለል ጉዳት የለውም። በዚያው ቀን ካስታወሰች ትወስዳለች፤ ካለፈ ያለ ሐኪም ምክር አትደርብም። ቀኑን ወረቀት ላይ ጻፍነው፣ ለቀጠሮው ይዘነው እንሄዳለን።