ካልካንታይትን የሚያበላሹ ስህተቶች

በባሕር ዳር ለተማሪዎቼ ከማሳያቸው ናሙናዎች ሁሉ ዓይናቸውን የሚስበው ካልካንታይት ነው። መዳብ፣ ድኝ፣ ኦክስጅንና ውኃ የሠሩት ደማቅ ሰማያዊ ማዕድን ነው፤ ከክብደቱ 36 በመቶው ውኃ ነው። አብዛኛው ስህተት ይህን ውኃ ከመርሳት ይመጣል።

የመጀመሪያው ማጠብ ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ አቧራውን ላስለቅቅ ብላ ናሙናውን ከቧንቧ ሥር ያዘችው። የሾሉት ጠርዞች ወዲያው ደነዘዙ፤ ሳህኑም ሰማያዊ ውኃ ያዘ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከዚህ ማዕድን ከ30 ግራም በላይ ያሟሟል። ለአቧራው ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

የባሰው ግን ተከትሎ ሊመጣ ነበር፤ ውኃውን ወደ ቦይ ልትደፋው ስትል ደረስኩ። ይህን ሁልጊዜ አጥብቄ እናገራለሁ፦ በውኃ የሟሟ መዳብ ለዓሣ መርዝ ነው። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው፤ እምቦጭ ያደከመው ሐይቅ ሌላ ሸክም አያሻውም። ውኃውን በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጠን እንዲተን ተውነው። ከቀናት በኋላ ከሥሩ ትናንሽ ሰማያዊ ክሪስታሎች ወጡ።

ያ ውብ ውጤት ሌላ ስህተት ያስረዳል። በቤተ ሙከራ እንዲህ በቀላሉ ስለሚያድግ፣ ለሽያጭ የሚቀርብ ትልቅና እንከን የለሽ ክሪስታል ሁሉ የተፈጥሮ ነው ብሎ ማመን አይገባም። የተፈጥሮው ብዙውን ጊዜ በመዳብ ማዕድን ማውጫ ግድግዳ ላይ እንደ ቅርፊት ወይም እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ይገኛል።

በጣና ዳርቻ መፈለጉም ድካም ነው። ጥቁሩ ድንጋያችን ባዛልት ነው፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ዝናባችንም ካልካንታይትን አያቆይም። ማዕድኑ የመዳብና የድኝ ውህዶች አየርና እርጥበት ሲያገኛቸው ይፈጠራል፤ የሚቆየው ግን በደረቅ ምድር ነው፤ በቺሊ የአታካማ በረሃ እንዳለው የቹኪካማታ የመዳብ ማውጫ። ጀሶም እንደ ካልካንታይት ውኃ ያዘለ ሰልፌት፣ ማለትም ድኝና ኦክስጅን ያለበት ውህድ ነው፤ ሆኖም በጥቂቱ ብቻ ስለሚሟሟ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በዓባይ ሸለቆ ተነባብሮ ይታያል።

መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ ነው። ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

በበጋ ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ክፍቱን አይተውት፤ ውኃውን እያጣ ገጽታው ይነጣል፣ ይፈረፈራል። የእኛ ናሙና ጠርዙ እንደደነዘዘ፣ አሁን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ጥላ ቦታ ተቀምጧል።