አንታሊያ፦ ጠዋት ፍርስራሽ፣ ከሰዓት ባሕር

ከጎንደር ተነስታችሁ የሜድትራንያንን ባሕር ማየት ካማራችሁ የቱርክን ደቡብ ጠረፍ ምረጡ። አንታሊያን እና ከእሷ ወደ ምዕራብ እስከ ፓታራ ያለውን ማለቴ ነው። እዚያ ጥንታዊው ከተማና ባሕሩ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ዓይተው ሲሰለቻቸው የሚገቡበት ውሃ አጠገባቸው አለ።

መጀመሪያ ጊዜውን አስተካክሉ። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ዝናብ ነው፤ እዚያ ግን ፀሐይ ያነዳል። ሰው ሁሉ የሚጎርፈውም ያኔ ነው፣ ሆቴሉም ይወደዳል። ከጎንደር ደጋ የሄደ ሰው በቀትር ጥላ በሌለው ፍርስራሽ መሃል ሲዞር ራሱን ነው የሚያመው። እኔ የምለው መስቀልን ቤታችሁ አክብራችሁ ውጡ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አየሩ ይበርዳል፣ ባሕሩ ግን በጋውን ሙሉ ሲሞቅ ስለከረመ ለመዋኘት ይመቻል። ሚያዝያና ግንቦትም ለእግር ጉዞ ግሩም ነው፤ ውሃው ግን በተለይ ሚያዝያ ላይ ገና ቀዝቃዛ ነው።

ቪዛ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ጉዞው ከአዘዞ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኢስታንቡል፣ ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ አንታሊያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኢስታንቡል ሁለት ኤርፖርት አላት፣ አንዱ በአውሮፓ ሌላው በእስያ በኩል። የአንታሊያው በረራ ከምታርፉበት ኤርፖርት የሚነሳ መሆኑን ሳታዩ ትኬት አትቁረጡ። አለበለዚያ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ያንን ትልቅ ከተማ በትራፊክ መሃል ማቋረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

አንታሊያ ስትደርሱ ካሌይቺ በሚባለው አሮጌው ሰፈር እደሩ። ከኤርፖርት ወደ ከተማ የሚገባ ባቡር አለ፣ ታክሲ የግድ አይደለም። ወደ ሰፈሩ በሦስት ቅስት በተሠራው የሐድርያን በር ገብታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ወደቡ ላይ ትደርሳላችሁ። በሩ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን በ130 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ለክብሩ የተሠራ ነው። ለመዋኘት ኮንያአልቲ ቅርብ ነው፣ ግን ዳርቻው ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ ያዙ። አሸዋ የምትፈልጉ ወደ ላራ ሂዱ።

ከከተማው ወደ ምሥራቅ ጴርጌንና አስፔንዶስ አሉ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ማየት ይቻላል። ጴርጌን በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው ናት፤ ጳውሎስና በርናባስ ቃሉን ሰብከውባት ወደ አንታሊያ ወርደው ነው በመርከብ የሄዱት። በዓምዶች የታጀበውን ዋና መንገድ ስትሄዱበት መሃሉን እዩት። ከላይ ከምንጩ የሚነሳው ውሃ የሚወርድበት ቦይ መንገዱን ለሁለት ከፍሎት ያልፋል። በዚያ ሙቀት ለከተማው ሰው ምን ማለት እንደነበር ቆማችሁ ስታዩት ይገባችኋል። አስፔንዶስ ያለው በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቲያትር ነው፤ የመድረኩ ግድግዳ እስከ ላይ ድረስ ቆሟል። እስከ ላይኛው መቀመጫ ውጡ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከታች ቆሞ እንደ ወትሮው ያውራ። ትሰሙታላችሁ።

እዚህ ላይ ለአስጎብኚ ገንዘብ አትሰስቱ። የፋሲልን ግቢ በአስጎብኚና ያለ አስጎብኚ ማየት ምን ያህል እንደሚለያይ ጎንደሬ አይጠፋውም።

ብዙ ሰው አንታሊያ ሰንብቶ ይመለሳል፤ ያሳዝነኛል። ግማሹን ጊዜ ለምዕራቡ አስቀምጡ። በመንገድ ላይ ፋሴሊስ አለች፣ ሦስት ወደብ የነበራት ከተማ። ታላቁ እስክንድርም ወደ ምሥራቅ ሲዘምት አርፎባታል። ዋናው መንገዷ በድንጋይ እንደተነጠፈ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ያደርሳችኋል፣ ጥዶቹ ደግሞ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ወርደዋል። ፎጣችሁን ይዛችሁ ግቡ። ጠዋት ፍርስራሹን ዞራችሁ ሲሞቅ እዚያው ትገባላችሁ። ሚኒባሱ ዋናው አስፋልት ላይ ስለሚያወርዳችሁ የቀረውን በእግር ነው፤ ውሃና ኮፍያ አይረሳ።

ከዚያ ደምሬ። የመጽሐፍ ቅዱሷ ሙራ ማለት ናት። የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው፤ ከሠለስቱ ምዕት አንዱ እንደነበር በትውፊት ይነገርለታል። አጽሙን በ1087 እ.ኤ.አ. የጣልያን መርከበኞች ወደ ባሪ ወስደውታል፣ ባዶው የድንጋይ መቃብርና የግድግዳ ሥዕሎቹ ግን አሉ። ቦታው ዛሬ ሙዚየም ነው፣ በትኬት ነው የሚገባው። ቢሆንም ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሩቅ አገር ድረስ መጥተው የሚጸልዩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ትንሽ አለፍ ብሎ በገደሉ ላይ የተፈለፈሉት መቃብሮች አሉ፤ የቤት ደጃፍ መስለው ነው የተቀረጹት። እዚያው ካለው ጥንታዊ ቲያትር ፊት መሬት ላይ የተቀመጡትን አፋቸውን የከፈቱ የድንጋይ ፊቶች ቀረብ ብላችሁ እዩ።

ማደሪያችሁን ካሽ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ብታደርጉ ለደምሬም ለፓታራም ይቀርባችኋል። ከአካባቢው በጀልባ ወደ ኬኮቫ ደሴት መሄድ ይቻላል፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የሰመጡት ቤቶች ግድግዳና ደረጃ ከውሃው በታች ይታያሉ። ፍርስራሹ ላይ መዋኘት ክልክል ነው፣ ጀልባው ሌላ ቦታ ያቆምላችኋል።

ስለ ምግብ አትጨነቁ። ሥጋው ባብዛኛው በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው፣ እሱን የማይበላ ሰው ዓሣ አለለት። የጽጌን ጾም ለምትጾሙ ደግሞ ዳቦ፣ ወይራ፣ በዘይት የተሠራ ባቄላና ፎሶሊያ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ በየቦታው አለ። ምስር ሾርባው ላይ ቅቤ ሊገባ ስለሚችል ጠይቁ። ሽሮና በርበሬ ግን ከቤት ነው የሚያዘው።

የመጨረሻውን ቀን ለፓታራ ስጡት። ጳውሎስ በመርከብ ያለፈባት ጳጥራ ናት፣ ቅዱስ ኒቆላዎስም የተወለደው እዚያ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ጠረፍ በጥንት ጊዜ ሊቅያ ይባል ነበር፤ የሊቅያ ከተሞች እንደራሴዎች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ተጠግኖ ቆሟል፣ ገብታችሁ ደረጃው ላይ መቀመጥ ትችላላችሁ። ከፍርስራሹ አልፎ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን አሸዋ አለ። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ስለሆነ በወቅቱ ማታ ማታ ዳርቻው ይዘጋል፣ በምልክት የታጠረ አሸዋ ካያችሁም ልጆቹን አርቋቸው። የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጠዋት ስትወርዱ ሹፌሩን ጠይቁት፤ በቱሪስት ወቅት ማብቂያ ላይ ሰዓቱ ያጥራል።