ቻጓልን ከዘር ስታበቅሉ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

ፑያ ቺሌንሲስ የአናናስ ዘመድ ነው። ቺሌዎች ቻጓል ይሉታል። ቦታው የቺሌ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ፓስፊክን ቁልቁል የሚያዩ ደረቅና ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ ይበቅላል። ቅጠሉ ረጅምና ሹል ሆኖ ዳር ዳሩን እሾህ ያጥረዋል። ሲያብብ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ ያወጣና ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ አበባ ይደረድርበታል። የዘንጉ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ግን አበባ የለም። ወፎቹ እዚያ ቆመው ነው ከአበባው የሚጠጡት።

እኔ ከመጀመሪያው ዙር ዘር አንድም ችግኝ አላተረፍኩም። ከሁለተኛው ሦስት ተረፉልኝ። ሌሎቹ በምን እንደሞቱ አሁን በደንብ አውቀዋለሁ።

ዘሩን መቅበር

ዘሩ ቡናማና ጠፍጣፋ ነው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ክንፍ አለው፤ ትንፋሻችሁ ይበትነዋል። ይህ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እንደ ባቄላ አፈር ውስጥ ከቀበራችሁት ተቀብሮ ይቀራል። አፈሩን መጀመሪያ አርጥቡት። ከዚያ ዘሩን በረጠበ ስንጥር ጫፍ እያነሳችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡና በጣት ጫን አድርጉት። አለቀ፣ አፈር አታልብሱት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አረንጓዴ ነጥብ ታያላችሁ። ዘሩ ትኩስ ይሁን፤ የቆየ ዘር ሰነፍ ነው።

ላስቲኩን መርሳት

ዘሩ እንዳይደርቅ ሸክላውን በላስቲክ መሸፈን ጥሩ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ዙር ያለቀው ግን እዚህ ላይ ነው። በቀሉ ብዬ ደስ አለኝ፣ ላስቲኩንም እንደተሸፈነ ተውኩት። በአራተኛው ቀን አፈሩ ላይ ነጭ ጸጉር የመሰለ ሻጋታ ወጣ። ችግኞቹ አፈሩን የነኩበት ቦታ ላይ ቀጥነው አንድ በአንድ ተኙ። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ሲታዩ ላስቲኩን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከፈታችሁ አየሩን አለማምዷቸው፣ በሳምንት ውስጥም ጨርሳችሁ አንሱት። ውሃውንም ከላይ አታፍስሱ። ሸክላውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አቁሙትና ከሥር ይምጠጥ፤ የአፈሩ ገጽ ሲረጥብ አውጡት።

እንደ ቤት ውስጥ ዘመዶቹ ማጠጣት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሳሎን ውስጥ የምናውቃቸው የዚህ ቤተሰብ አበቦች አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ቅጠሎቻቸው መሃል ላይ ኩባያ ሠርተው ውሃ ያቁራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ኩባያውን መሙላት ለምደዋል። ቻጓል ግን የመሬት ተክል ነው። የሚጠጣው በሥሩ ነው፣ ኩባያም የለውም። መሃሉ ላይ ውሃ ከቋጠረና ብርድ ከተጨመረበት እምብርቱ ይበሰብሳል። የመሃሉን ቅጠል ሳብ ስታደርጉት ከግርጌው ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ከቀረና ሽታ ካለው፣ ነገሩ አብቅቷል።

በአገሩ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፣ ሞቃቱ ወቅት ደረቅ ነው። ዝናቡም ቢሆን ድንጋዩ መሃል ገብቶ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ አፈሩን ግማሽ ያህል ደረቅ ነገር አድርጉት፦ ሻካራ አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠር ወይም ፑሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)። ፍግና ኮምፖስት ማብዛት ፍቅር ይመስላል፤ ትርፉ ግን ውሃ የሚይዝ አፈርና ልፍስፍስ ቅጠል ነው። ያደገ ተክል ሥሩ ደረቅ ከሆነ ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል። እርጥበትና ብርድ ሲገጥሙት ግን አይችልም።

አረም ነው ብሎ መንቀል

ሳቁብኝ እንጂ ሁለቱን በወረንጦ የነቀልኩት እኔው ነኝ። ችግኙ ለወራት ሣር ነው የሚመስለው። ቅጠሉን ከጫፉ ወደ ሥሩ በቀስታ ዳሱት፤ ጠርዙ ጥፍራችሁን ያዝ ያዝ ካደረገ ቻጓል ነው።

ለማዛወርም አትቸኩሉ። አራት አምስት ቅጠል እስኪያወጣ ባለበት ይቆይ። ወደ ሙሉ ፀሐይ ስታወጡትም ቀስ በቀስ ይሁን።

መንገድ ዳር መትከል

እሾሁ ቆልማማ ነው፣ የያዘውን አይለቅም። «በግ የሚበላ ተክል» የሚል ስም የወጣለት በዚህ ነው፤ በግ ጸጉሩ ተይዞ እዚያው ይሞታል ይባላል። ተክሉ ሥጋ በል አይደለም፣ ወሬው ግን ይጣፍጣል። ብቻ ልጆች ከሚሮጡበት አርቁት፣ ስትነኩትም ወፍራም ጓንት አድርጉ።

አበባውን በሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ

እንግሊዝ ውስጥ ዊዝሊ በሚባለው የአትክልት ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2013 ያበበው ቻጓል 15 ዓመት ያህል አስጠብቋል። የእኔዎቹ ሦስቱ ገና ስንዝር አልሞሉም።