ሱሺ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ የት ይረፍ?

ሱሺ በኮምጣጤ የተቀመመ ሩዝና ብዙ ጊዜ ጥሬ ዓሣ ያለበት የጃፓን ምግብ ነው። ከቻላችሁ ሼፉ ፊት ለፊት ተቀመጡና እጁን እዩ። ጓንት አጥልቋል ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚያው ጓንት ስልክ ነክቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ዓሣው ከተመለሰ ጓንቱ ምን ጠቀመ? ቶሎ ቶሎ የሚታጠብ ባዶ እጅ በስንት ጣዕሙ።

ዓሣው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ከከረፋ ውጡ። ጥሬው ዓሣ አስቀድሞ በረዶ ሆኖ እንደነበርም ጠይቁ፣ ምንም አያሳፍርም፤ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን ሲቆይ እንደ አኒሳኪስ ያሉ ጥገኛ ትሎች ይሞታሉ። ባክቴሪያን ግን ቅዝቃዜ ያስተኛዋል እንጂ አይጨርሰውም። አብሮ የሚቀርበው አረንጓዴ የሚያቃጥል ማባያ፣ ዋሳቢ፣ ሁሉንም ይገድላል የሚባለውንማ እርሱት።

ሰው ልብ የማይለው ሩዙን ነው። ተቀቅሎ ለብ እንዳለ ሲቆይ ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ከሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ቢያሞቁትም የማይጠፋ አለ። ኮምጣጤው ለጣዕም ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ፤ የሩዙን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ4.6 በታች አውርዶ ባክቴሪያውን የሚገታው እሱ ነው።

ቤት ልትወስዱ ካስጠቀለላችሁ ቶሎ ፍሪጅ አስገቡትና በዕለቱ ብሉት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጥሬውን ተዉትና የበሰለውን እዘዙ።