ወደ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምትመጡ ዳኞች፦ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አዲስ የተሾሙ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሳይ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ወረዳ ጀምረው ዞን ላይ የበሰሉ ናቸው። ሕጉን ያውቁታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚሠሯቸው ስህተቶች ግን ይመሳሰላሉ። እኔም ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱን ሠርቻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሹመቱ። ዕጩ የሚያቀርበው የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየትም ይጠይቃል፤ በሦስት ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ የክልሉ ምክር ቤት መሾም ይችላል። አንዳንድ ዳኛ ይህን ሁሉ አልፎ ሲመጣ የሾሙት ሰዎች ባለዕዳ የሆነ ይመስለዋል። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 79 ደግማችሁ አንብቡ። ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም። ስለ መዝገብ ስልክ ከተደወለላችሁ «አቤቱታ ካለ በጽሑፍ ለችሎቱ ይቅረብ» ብላችሁ ዝጉት።

አሁን ሆዴን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ። ይግባኝ ይቀርባል። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። ከዚያ እንዲህ ይጽፋል፦ «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚነቀፍበት ምክንያት ስላላገኘን ይግባኙን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 337 መሠረት ሰርዘናል።» በቃ፣ አለቀ! የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 መልስ ሰጪውን ሳትጠሩ መዝገብ እንድትዘጉ ይፈቅዳል። ሳታስረዱ ዝጉ የሚል ቃል ግን የለውም። ቁጥር 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ይያዝ ይላል። ይግባኝ ሰሚ ሲሆን ይህ የሚቀርበት ምን ምክንያት አለ?

የመዝገቡን ብዛት አውቀዋለሁ። እኔም በእሱ እያሳበብኩ ስንቱን እንደዚያ ዘግቻለሁ። አንድ ቀን ከችሎት ስወጣ አንዲት እናት ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። የመሬት ክርክር ነበራቸው። ውሳኔውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል። «ጌታዬ፣ ተረታሽ አሉኝ። ለምን እንደተረታሁ ግን የሚነግረኝ አጣሁ» አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ፊርማዬ አለበት። ምክንያት ግን የለበትም። እኛ ምክንያቱን እናውቀው ነበር፤ የያዙት የስጦታ ውል መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ አልተመዘገበም። ሦስታችንም ተነጋግረንበታል። ሁለት መስመር ይበቃው ነበር። ኮሪደር ላይ ቆሞ ማስረዳት ደግሞ የዳኛ ወግ አይደለም። ወደ ሬጅስትራር መራኋቸውና ቢሮዬ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ለሥራ አልታዘዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የይግባኙን ዋና ነጥብ ራሱ ይግባኝ ባዩ እንዳለው እጽፋለሁ። ለምን እንዳልተቀበልነው ከሥሩ አስከትላለሁ። አምስት መስመር ቢሆን ነው። አምስት መስመር የሚሆን ምክንያት ካጣሁ መዝገቡ አልገባኝም ማለት ነው። ያኔ «ያስቀርባል» ብዬ መልስ ሰጪውን እጠራለሁ።

መዝገብ ወደ ሥር ስትመልሱም «አጣርቶ ይወስን» ብላችሁ አትተዉት። የትኛው ድንበር ይለካ፣ ማን ይለካው፣ የትኛው ምስክር ምን ይጠየቅ? ካልጻፋችሁት ዞሮ እናንተው ጋ ይመጣል። ባለጉዳዩም ሌላ ዓመት ይመላለሳል።

ሰበር ችሎት ከተመደባችሁ ምስክር መመዘን ተዉ፤ ሰበር የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው።

የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ስለዚህ ሁሉም የውሳኔዎቹን የታተሙ ቅጾች ይጠቅሳል። ችግሩ ብዙው የሚያነበው ማውጫውን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ጎበዝ ባልደረባዬ በውርስ ይርጋ፣ ማለትም ውርስ በሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ላይ፣ እንዲህ ዓይነት የፍርድ ረቂቅ አመጣልኝ። የጠቀሰውን ውሳኔ አውጥተን አብረን አነበብነው። እዚያ የተከራከሩት ወራሽና ወራሽ ያልሆነ ሰው ናቸው። እኛ ጋ ያሉት ወንድምና እህት። ረቂቁን ራሱ ቀደደው። ያን ቀን ወደድኩት።

ለቅሶ ድረሱ፣ ዕድርም ግቡ። ወሬው ወደ መዝገብ ከዞረ ግን ተነሥታችሁ ውጡ። ተከራካሪው ዘመዳችሁ ከሆነም ተነሡ እስክትባሉ አትጠብቁ።

ችሎቱን የሚመራው መሀል ዳኛ አንጋፋ ሲሆን አዲሱ ዝም ብሎ ይፈርማል። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ በአንድ የግድያ መዝገብ ያላመንኩበትን ፈርሜያለሁ። ታላቄን ማክበር መስሎኝ ነው። የመዝገቡ ቁጥር ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። የልዩነት ሐሳባችሁን በጨዋ ቃል ጽፋችሁ አያይዙ። አንጋፋው አይቀየምም፤ ቢቀየምም ያልፋል።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክልል ጉዳይ የበላይ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባልተቋቋመበት ክልል ደግሞ የዚያን ፍርድ ቤት ሥልጣን በውክልና ይሠራል፤ በውክልና የታየው መዝገብ ይግባኝ የሚሄደው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በየትኛው ሥልጣን እንደወሰናችሁ ካልተጻፈ ባለጉዳዩ ይግባኙን ትቶ የክልሉን ሰበር ደጅ ሲጠና ጊዜው ያልፍበታል። በፍትሐ ብሔር ያለው 60 ቀን ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ አናት እዩ። በውክልና የታየ መሆኑ ካልተጻፈ ለጸሐፊዋ መልሱላት።