እሾሃማ ዓሣን ከውኃ ዳር ማጥመድና ሳይወጉ መያዝ

ከባሕር፣ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር ሆኖ የሚያጠምድ ሰው በዓሣ እሾህ የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣው ጋር ሲታገል ሳይሆን፣ ዓሣው ወደ መሬት ከወጣ በኋላ መንጠቆውን ለማላቀቅ እጁን በሚሰድበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ ክሩ ከመወርወሩ በፊት እሾሁ በዓሣው ገላ ላይ የት የት እንደሚገኝ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ የሚወሰነው በዚህ ነውና።

እንደ ቆሮሶ ባሉ ዓሦች ላይ የጀርባው ክንፍ የፊት ክፍል በተርታ በቆሙ ጠንካራ እሾሆች የተሠራ ሲሆን፣ ከሆድ በታች ባሉት ክንፎች መነሻ ላይም ጥቂት እሾሆች ይገኛሉ። ናይል ፐርች ከዚህ በተጨማሪ የስንጥቡ ክዳን ስለታም ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ጣት የሚያስገባ ሰው ሊቆረጥ ይችላል። አምባዛ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት በጀርባው አይወጋም፤ ረጅሙ የጀርባ ክንፉ ለስላሳ ነው፤ የሚያስፈራው ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ በደረት ክንፎቹ ላይ ያሉት ሁለት እሾሆች ናቸው። ሌሎች ብዙ ጢማም ዓሦች ግን በእነዚህ ላይ ሦስተኛ የጀርባ እሾህ ይጨምራሉ። እነዚህ ዓሦች ሲደነግጡ እሾሃቸውን ዘርግተው ከሥሩ ባለው የአጥንት መገጣጠሚያ ስለሚቆልፉት፣ በኃይል ተጭኖ ለማጠፍ መሞከር ራስን ማስወጋት ነው። በብዙዎቹ ላይ የእሾሁ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው በመሆኑ ሲገባም ሲወጣም ሥጋ ይቀድዳል፤ እሾሁን የሸፈነው ቆዳም በአንዳንዶቹ መርዝ የሚያመነጩ ሕዋሶች አሉት።

በባሕር ዳር የሚያጠምድ ሰው ጥንቃቄውን ይበልጥ ማጥበቅ ይኖርበታል። ስቶንፊሽ የሚባለው ዓሣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ ሲሆን፣ በጀርባው ላይ ያሉት 13 እሾሆች እያንዳንዳቸው የመርዝ ከረጢት አላቸው። ዊቨር የተባለው ትንሽ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ ስቲንግሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ደግሞ መርዛማውን እሾህ በጭራው ይዞ በአሸዋ ላይ ተነጥፎ ይተኛል። አሸዋማ በሆነ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ እግርን እያነሡ ከመርገጥ ይልቅ በአሸዋው ላይ እየጎተቱ መሄድ ይበጃል፤ እንቅስቃሴው የደረሰው ስቲንግሬይ ሳይረገጥ ሸሽቶ ይሄዳል።

በእጅ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከሁሉ በላይ የሚቀንሰው የመንጠቆ ምርጫ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ዓሣውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በከንፈሩ ጥግ ስለሆነ፣ መንጠቆ ፍለጋ ወደ ጉሮሮ ጣት መስደድ አይኖርም። ይህ መንጠቆ ግን አጥማጁ ልማዱን እንዲለውጥ ይጠይቃል፦ ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን በድንገት ወደ ላይ መንጠቅ ሳይሆን፣ ዓሣው ራሱ ክሩን እስኪወጥረው ታግሦ በዝግታ መጠቅለል ነው። በመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ትንሽ ስለት በፒንሳ ተጭኖ ማስተኛትም መንጠቆው በቀላሉ እንዲወጣ ያደርጋል። ጢማም ዓሦች ምግባቸውን በማሽተትና በጢማቸው እየዳበሱ ከውኃው ወለል ስለሚለቅሙ፣ ትል ወይም የተቆረጠ ዓሣ በወለሉ ላይ ማሳረፍ ተገቢ ነው፤ መሐሉ ቀዳዳ ያለው የእርሳስ ብረት በክሩ ላይ እንዲንሸራተት ከተደረገ ዓሣው ምግቡን ሲወስድ ክብደቱ አይሰማውም። ጥሩ የሚነክሱት ከምሽት ጀምሮ ነው፤ በጨለማ እሾህ ስለማይታይ ግን በግንባር የሚታሰር መብራት የግድ ያስፈልጋል።

ዓሣው ወደ ዳር ሲቃረብ በክሩ አንጠልጥሎ ማውጣት አይገባም፤ የተንጠለጠለ ዓሣ ተወዛውዞ የሚያርፈው በአጥማጁ ጭን ወይም በጎረቤቱ ፊት ላይ ነው። ቋጠሮ በሌለው የላስቲክ መረብ ማንሣት ይሻላል፤ በተራ የክር መረብ ላይ መጋዛማው እሾህ ይጠላለፍና ለማላቀቅ የሚፈጀው ጊዜ ሁሉ የመወጊያ ጊዜ ይሆናል። መሬት ላይ የሚንፈራገጠውን ዓሣ በእግር መርገጥም ሆነ መምታት ክልክል ነው፤ የትልቅ ጢማም ዓሣ እሾህ ስስ የጫማ ሶል ይበሳል።

የጀርባ እሾህ ያለውን እንደ ቆሮሶ ያለ ዓሣ ለመያዝ እጅን በውኃ አርሶ፣ ከራሱ ጀምሮ ወደ ጭራው አቅጣጫ በዝግታ በማንሸራተት እሾሆቹን አስተኝቶ መጨበጥ ነው፤ ከጭራ ወደ ራስ የሚሄድ እጅ ግን በቀጥታ ከእሾሆቹ ጋር ይጋጫል። ትንሽ ጢማም ዓሣ ሲሆን መዳፍን ከሆዱ በታች አድርጎ አውራ ጣትን ከአንዱ የደረት እሾህ ኋላ፣ ሌባ ጣትን ከሌላው ኋላ ማሳረፍ ይገባል፤ የተቆለፉት እሾሆች ያን ጊዜ ለእጅ መደገፊያ ይሆናሉ። ትልቁን በከንፈር መያዣ መሣሪያ ይዞ፣ ገላውን በርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ፣ መንጠቆውን በረጅም አፍ ፒንሳ ማላቀቅ ይቀላል። ስለ ጓንት ብዙ ይወራል፤ በእኔ አስተያየት ጓንት ከጭረት ይከላከላል እንጂ ሹል እሾህን አያቆምም፤ በጓንት የተማመነ እጅም በጥንቃቄ አይያዝም። ምንነቱ ያልታወቀ ዓሣ ከተያዘ ደግሞ ሳይነኩት ክሩን በተቻለ መጠን ወደ መንጠቆው አስጠግቶ መቁረጥ ነው፤ አንድ መንጠቆ ለማዳን ብሎ ስቶንፊሽ መንካት አይገባም።

የሞተ ዓሣ እሾህም ይወጋል፣ መርዙም ወዲያው አይጠፋም። በስስ ፌስታል አድርጎ በጎን አንጠልጥሎ መሄድ እኔን ራሴን አንድ ጊዜ ጭኔን አስወግቶኛል፤ ክዳን ያለው ጠንካራ ባልዲ የተሻለ ነው።

መርዛማ እሾህ የወጋው ሰው የተወጋውን ቦታ አጥቦ፣ ከላይ የሚታይ ስባሪ ካለ በፒንሳ አውጥቶ፣ እጁን ወይም እግሩን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያቆያል። የብዙዎቹ መርዝ ፕሮቲን በመሆኑ ሙቀት ኃይሉን ያዳክመዋል፣ ሕመሙም ይረግባል። የተወጋው ቦታ ሙቀትን በትክክል ላይለይ ስለሚችል፣ ውኃው መለካት ያለበት በጤነኛው እጅ ነው። ቁስሉን መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ ወይም ከበላዩ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያባብሳል። እሾሁ ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ውስጥ ከተሰካ ሳይነቅሉ፣ እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል፤ የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት ወይም የፊት እብጠት ከታየ፣ ወይም የወጋው ስቶንፊሽ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ለስቶንፊሽ የተዘጋጀ የመርዝ ማርከሻ አለ።

ሕመሙ ከበረደ በኋላም ነገሩ ላያልቅ ይችላል። ተሰብሮ የቀረ የእሾህ ጫፍ ቁስሉን ያመረቅዛል፤ መኖሩ በራጅ ሊታወቅ ይችላል። በተጨማሪም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። በውኃ ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ቅላትና ትኩሳት ሲያስነሡ፣ ሌሎቹ ግን ከሳምንታት በኋላ ቶሎ በማይድን እብጠት ይገለጣሉ። ለእነዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት ለተራ ቁስል ከሚታዘዘው ሊለይ ስለሚችል፣ ታካሚው ሳይጠየቅ እንኳ የወጋው ዓሣ መሆኑን፣ ውኃው ጨዋማ ይሁን ጨው አልባ፣ ቀኑንም ጭምር ለሐኪሙ መንገር አለበት።